ባለትዳሮች በአንደኛው ተጋቢ ስም የቤት ብድር ሲወስዱ ሊያውቋቸው የሚገቡ የሕግ ጉዳዮች

መግቢያ

ባልና ሚስት ቤት ለመግዛት ወይም ለመሥራት ከባንክ ሲበደሩ ብዙውን ጊዜ የብድር ማመልከቻው የሚቀርበው በአንደኛው ስም ነው። ለዚህም የተለያዩ ምክንያቶች አሉ። ከሁለቱ ቋሚ ደመወዝ ያለው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለጋራ መኖሪያ ቤት የተመዘገበውና ዕጣ የወጣለት አንዱ ይሆናል፤ አንደኛው በውጭ አገር በሥራ ላይ ይገኛል፤ ወይም አንደኛው ከፍሎ ያልጨረሰው ሌላ ብድር ይኖርበታል።

በአንድ ስም መበደር በራሱ ስሕተት አይደለም። ችግር የሚፈጠረው ስሙ ያልተጻፈው ተጋቢ «ቤቱ የእኔ አይደለም» ብሎ መብቱን ሲተው፣ ወይም በተቃራኒው «ዕዳው እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ሲዘናጋ ነው። ሁለቱም ግምቶች በአብዛኛው ከሕጉ ጋር አይጣጣሙም። በአገራችን ሕግ የብድሩ በአንድ ሰው ስም መሆን ቤቱን የአንድ ሰው ሀብት አያደርገውም፤ ዕዳውንም የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አድርጎ አያስቀረውም። ይህን ዘግይተው፣ የሐራጅ ማስታወቂያ በደጃፋቸው ከተለጠፈ ወይም የፍቺ ክርክር ከተጀመረ በኋላ የሚረዱ ባለትዳሮች መብታቸውን ለማስከበር ያላቸው ጊዜ አጭር ነው።

በመሆኑም ይህ ጽሑፍ ባለትዳሮች የብድርና የመያዣ ውል ከመፈረማቸው በፊት፣ በውሉ ዘመንና ከዚያም በኋላ ሊያውቋቸው የሚገቡ ዋና ዋና ነጥቦችን ያቀርባል። ጽሑፉ የተመሠረተው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እና ከባንክ መያዣ ጋር በተያያዙ አዋጆች ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 213/1992 ተፈጻሚ የሚሆነው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ከተሞች ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላላቸው፣ በክልል የሚኖሩ ተገልጋዮች የክልላቸውን ሕግ ድንጋጌ ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

1. ቤቱ የማን ነው?

የቤተሰብ ሕጉ የባልና የሚስትን ሀብት የግል እና የጋራ በማለት በሁለት ይከፍላል።

የግል ሀብት የሚባለው ተጋቢው ጋብቻ በፈጸመበት ቀን የነበረው ሀብት እንዲሁም ከጋብቻ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ በግሉ ያገኘው ሀብት ነው (አንቀጽ 57)። የጋራ ሀብት ደግሞ ተጋቢዎች በግል ጥረታቸው የሚያገኙትን ገቢ፣ ከግልም ሆነ ከጋራ ሀብታቸው የሚገኘውን ገቢ እንዲሁም በጋብቻ ዘመን በግዢና ይህን በመሰለ ዋጋ በሚከፈልበት መንገድ የተገኘን ንብረት ያጠቃልላል (አንቀጽ 62)። ደመወዝም የግል ጥረት ፍሬ በመሆኑ የጋራ ገቢ ነው። በመሆኑም በጋብቻ ዘመን ከደመወዝ በሚቆረጥ ክፍያ የተገዛ ቤት፣ ደመወዙ የአንደኛው ተጋቢ ብቻ ቢሆንም፣ በመርህ ደረጃ የሁለቱም ነው።

አንቀጽ 63 ከዚህ አልፎ አንድ ጠቃሚ የሕግ ግምት ይደነግጋል። ማንኛውም ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። የማስረዳት ሸክሙም «የግሌ ነው» በሚለው ተጋቢ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው፣ የሽያጭ ውሉ ወይም የብድር ውሉ በአንድ ስም መሆኑ ብቻውን የሌላውን ተጋቢ መብት አያስቀርም።

ለዚህ ግምት ሁለት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው፣ ቤቱ የተገዛው በግል ገንዘብ ወይም የግል ንብረት ተሸጦ በተገኘ ገንዘብ ከሆነ ገዢው ተጋቢ ቤቱ የግሉ እንዲባልለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ቤቱ የግል የሚሆነው ፍርድ ቤቱ ይህን ሲወስን ብቻ ነው (አንቀጽ 58)። ሁለተኛው፣ ተጋቢዎች ከጋብቻ በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት ባደረጉት የጋብቻ ውል የንብረት ግንኙነታቸውን በሌላ አኳኋን ወስነው ሊሆን ይችላል። የጋብቻ ውል በጽሑፍ መደረግና በባል በኩል ሁለት፣ በሚስት በኩል ሁለት፣ በድምሩ በአራት ምስክሮች መረጋገጥ አለበት። ከጋብቻ በኋላ በባልና በሚስት መካከል የሚደረግ ውል ግን በፍርድ ቤት ካልጸደቀ በስተቀር ውጤት አይኖረውም (አንቀጽ 73)። ስለሆነም ባልና ሚስት እቤት ውስጥ ተፈራርመው የሚያስቀምጡት «ቤቱ የአንተ ብቻ ነው» ወይም «ዕዳው የአንቺ ብቻ ነው» የሚል ወረቀት እንደ ማስረጃ ሊያገለግል ይችላል ብሎ መተማመን አይገባም።

ከጋብቻ በፊት ተገዝቶ ዕዳው በጋብቻ ዘመን እየተከፈለ ያለ ቤት ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለምሳሌ በ20/80 ወይም በ40/60 የቤት ልማት ፕሮግራም ከጋብቻ በፊት ዕጣ የወጣላት ሴት የቤቱን ቅድሚያ ክፍያ በላጤነቷ ከፍላ፣ የባንክ ብድሩን ግን ካገባች በኋላ ለዓመታት ከቤተሰቡ ገቢ ትከፍል ይሆናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቤቱ የማን እንደሆነና ከጋራ ገቢ የወጣው ክፍያ እንዴት እንደሚታሰብ ክርክር ሊነሣ ይችላል። ሁለቱም ወገኖች የውሉን ቀን፣ የቅድሚያ ክፍያውን ደረሰኝና የወርኃዊ ክፍያውን የባንክ መግለጫ ጠብቀው መያዛቸው ለፍትሐዊ ውሳኔ ያግዛል።

2. የትዳር ጓደኛ ስምምነት ለምን ያስፈልጋል?

የጋራ ሀብትን ባልና ሚስት በጋራ ያስተዳድሩታል። በአንቀጽ 68 መሠረትም የሚከተሉት ተግባራት የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይፈልጋሉ፦

ሀ) የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማከራየት፣ በመያዣነት መስጠት ወይም ለሦስተኛ ወገን በንብረቱ ላይ መብት መስጠት፤

ለ) ከ500 ብር በላይ የሆነ ገንዘብ መበደር፣ ማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ መሆን።

ከእነዚህ ሁለት ነጥቦች እንደምንረዳው ስምምነት የሚያስፈልገው ቤቱን በመያዣነት ለመስጠት ብቻ ሳይሆን ለብድሩም ጭምር ነው። የ500 ብር ጣሪያ በአሁኑ የኑሮ ሁኔታ አነስተኛ መስሎ ቢታይም ማንኛውም የቤት ብድር ከዚህ መጠን እጅግ የሚበልጥ በመሆኑ፣ በሌላ ሕግ የተለየ ድንጋጌ ከሌለ በስተቀር፣ በአንድ ተጋቢ ስም የሚወሰድ የቤት ብድር የሌላውን ስምምነት ይጠይቃል።

መያዣ የሚሆነው ቤት የተበዳሪው የግል ሀብት በሚሆንበት ጊዜ ሁኔታው በከፊል ይለያል። ተጋቢ የግል ሀብቱን ብቻውን የማስተዳደርና የማዘዝ መብት አለው (አንቀጽ 59)፤ ብድሩ ግን አሁንም ስምምነት ይፈልጋል። ከዚህም ሌላ ባንኩ ቤቱ የጋራ ነው ከሚለው የሕግ ግምት ስለሚነሣ የትዳር ጓደኛ ፊርማ መጠየቁ የተለመደ ነው።

3. ፊርማው በምን ኃላፊነት ነው?

ባንክ የትዳር ጓደኛን እንዲፈርም ሲጠራ ፊርማው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከሚከተሉት በየትኛው እንደሚፈርሙ ሳይለዩ መፈረም በኋላ ያልታሰበ ኃላፊነት ያስከትላል።

ስምምነት ሰጪ፦ ተጋቢው ብድሩ እንዲወሰድና የጋራ ቤቱ መያዣ እንዲሆን ፈቃዱን ይገልጻል። በውሉ ላይ እንደ ተበዳሪ አይቆጠርም፤ ይሁን እንጂ ብድሩ ካልተከፈለ ቤቱ ይሸጥብኛል ብሎ መቃወም አይችልም።

የጋራ ተበዳሪ፦ ሁለቱም ተጋቢዎች ተበዳሪዎች ናቸው። ባንኩ ሙሉ ዕዳውን ከሁለቱም የመጠየቅ መብት ይኖረዋል። የሁለቱም ገቢ ለብድሩ መጠን ስሌት እንዲያዝ ከተፈለገ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ይህ ነው።

ዋስ፦ ተጋቢው ተበዳሪው ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ ብሎ ግዴታ ይገባል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት የዋስትና ግዴታ በግልጽ መነገር፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠንም በውሉ ላይ መወሰን አለበት። ዋስ የሚጠየቀው በቤቱ ብቻ ሳይሆን በሌላውም ሀብቱ ነው።

መያዣ ሰጪ፦ ተጋቢው የራሱን የግል ቤት ለትዳር ጓደኛው ብድር በመያዣነት ይሰጣል። ከዚህ ሌላ ግዴታ ካልፈረመ በስተቀር በውሉ የሚጠየቀው በመያዣነት በሰጠው ንብረት ነው።

አንድ ሰው በአንድ ሰነድ ከአንድ በላይ በሆነ ኃላፊነት ሊፈርም እንደሚችልም ማስተዋል ያስፈልጋል። ስለዚህ ከፊርማው በላይ የሰፈረውን ቃል ማንበብ፣ ማንበብ የማይችል ሰውም የሚያምነው ሰው እንዲያነብለት መጠየቅ ይገባል። «ለፎርማሊቲ ነው» በሚል ማብራሪያ ብቻ መፈረም አይመከርም። በሌላ በኩል ደግሞ መያዣው ለየትኛው ብድር እንደሚያገለግል መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ የመያዣ ውሎች የአሁኑን ብድር ብቻ ሳይሆን ተበዳሪው ወደፊት የሚወስደውን ብድር ጭምር የሚሸፍን ቃል ይይዛሉ። ለቤት መግዣ ብለው የተስማሙ ተጋቢ፣ ቤቱ በኋላ ለንግድ ብድር ጭምር መያዣ ሆኖ እንዲያገኙት ካልፈለጉ፣ ስምምነታቸው በተወሰነ ብድርና በተወሰነ የገንዘብ መጠን እንዲገደብ መጠየቅ ይችላሉ።

4. ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው?

የቤተሰብ ሕጉ ዕዳን በሁለት መንገድ ይመለከታል (አንቀጽ 70)። የአንደኛው ተጋቢ የሆነ ዕዳ በቅድሚያ ከባለዕዳው የግል ሀብት ይከፈላል፤ የግል ሀብት ከሌለው ከጋራ ሀብት ይከፈላል። ለትዳር ጥቅም ሲባል የተገባ ዕዳ ግን የሁለቱም የአንድነትና የነጠላ ዕዳ ስለሚሆን ከጋራ ሀብታቸውም፣ ከእያንዳንዳቸው የግል ሀብትም ሊከፈል ይችላል።

ለትዳር ጥቅም የተገባ ነው የሚባለው የባልና የሚስትን እንዲሁም የልጆቻቸውን ኑሮ ለማሟላት የተገባ ዕዳ፣ ቀለብ የመስጠት ግዴታን ለመወጣት የተገባ ዕዳ፣ እንዲሁም በተጋቢዎች ወይም በገንዘብ ጠያቂው አመልካችነት ፍርድ ቤት ለትዳር ጥቅም ነው ብሎ የተቀበለው ዕዳ ነው (አንቀጽ 71)። ቤተሰቡ የሚኖርበትን ቤት ለመግዛት የተወሰደ ብድር በዚህ ውስጥ የመካተት ዕድሉ ሰፊ ነው። በመሆኑም «በውሉ ላይ ስሜ የለም» የሚለው መከራከሪያ ስሙ ያልተጻፈውን ተጋቢ ከኃላፊነት ለማዳን ላይበቃ ይችላል። ዕዳው ለትዳር ጥቅም ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ክርክር ካስነሣ የሚወሰነው በፍርድ ቤት ነው።

5. ወደ ባንክ ከመሄድ በፊት የሚዘጋጁ ሰነዶችና የሚረጋገጡ ነጥቦች

የሰነዶቹ ዝርዝር ከባንክ ባንክ ቢለያይም በተለምዶ የሚከተሉት ይጠየቃሉ፦

– የሁለቱም ተጋቢዎች የታደሰ መታወቂያና የፋይዳ ቁጥር፤
– ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የተሰጠ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፤
– የተበዳሪው የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ወይም የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የገቢ ማስረጃ፤
– የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የሽያጭ ውል ወይም የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት ማስረጃ፤
– ቤቱ ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ፤
– የትዳር ጓደኛ ስምምነት ወይም በልዩ ውክልና የሚፈርም ሰው ካለ የውክልና ሰነዱ።

በባህል ወይም በሃይማኖት ሥርዓት የተጋቡና ጋብቻቸውን ያላስመዘገቡ ባልና ሚስት ጋብቻቸው በሕግ የታወቀ ቢሆንም ከብድሩ በፊት ማስመዝገባቸው በእጅጉ ይጠቅማል። በካርታው ላይ ስሙ የሌለ ተጋቢ መብቱን የሚያስረዳበት ቀዳሚው ማስረጃ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ነውና። ባለትዳር የሆነ ሰው ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ አውጥቶ ብድር ቢወስድ ወይም ቤት ቢያስይዝ በፍትሐ ብሔርም በወንጀልም ሊያስጠይቀው ይችላል።

የመያዣ ውል በጽሑፍ ካልተደረገና መያዣው ዋስትና የሚሆንለት ገንዘብ መጠን በኢትዮጵያ ብር ካልተገለጸ አይጸናም (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3045)። መያዣው ውጤት የሚኖረውም ቤቱ በሚገኝበት ቦታ ባለው የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ነው (አንቀጽ 3052)። ምዝገባው ለ10 ዓመት የሚጸና ሲሆን ከማለቁ በፊት ሊታደስ ይችላል (አንቀጽ 3058)። በ2001 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 639/2001 በተደረገው ማሻሻያ መሠረት ከባንክ ወይም ከአነስተኛ የፋይናንስ ተቋም ለሚገኝ ብድር የሚደረግ የመያዣ ውል በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ግዴታ የለም። ይህም ማለት ፊርማው በባንኩ ቅርንጫፍ ውስጥ ሊጠናቀቅ ስለሚችል፣ ውሉን አንብቦ የመረዳቱ ኃላፊነት ይበልጥ በፈራሚዎቹ ላይ ይወድቃል። ከወለድ ነፃ በሆነ አገልግሎት ቤት የሚገዙ ባለትዳሮችም የጋራ ቤታቸው በመያዣነት እስከ ተሰጠ ድረስ ስለ ስምምነት የተገለጸው ለእነርሱም ያገለግላል።

6. አንደኛው ተጋቢ ከአገር ውጭ ሲሆን

በዐረብ አገሮች፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካ ወይም በሌላ አገር የሚገኝ ተጋቢ ለመፈረም በአካል መገኘት ካልቻለ ውክልና መስጠት ይኖርበታል። እዚህ ላይ ብዙ ተገልጋዮችን የሚያመላልሰው የውክልናው ዓይነት ነው። «ማናቸውንም ጉዳዬን ይፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥም ሆነ በመያዣነት ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለሆነም በሰነዱ ላይ «ከባንክ እንዲበደር»፣ «ቤቱን በመያዣነት እንዲሰጥ»፣ «የመያዣ ውል እንዲፈርም» የሚሉ ሥልጣኖች በግልጽ መስፈር አለባቸው። የቤቱ አድራሻና የካርታ ቁጥር፣ የሚወሰደው ብድር ከፍተኛ መጠንም ቢጠቀስ ለወካዩ ጥበቃ ይሆናል።

በውጭ አገር የሚሰጥ ውክልና በዚያ በሚገኝ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ከተረጋገጠ በኋላ በአገር ውስጥ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት በኩል አልፎ ለባንኩ ይቀርባል። ገንዘቡን ከውጭ እየላከ ቤቱ በአገር ቤት ባለው ተጋቢ ስም የሚገዛለት ሰው የላከበትን የባንክ ማስረጃ መያዝ ይኖርበታል።

7. ያለ ስምምነት ብድር ከተወሰደ ወይም ቤት ከተያዘ

ስምምነቱ ያልተጠየቀው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል (አንቀጽ 69)። ይሁን እንጂ ይህ መብት በጊዜ የተገደበ ነው። ክሱ መቅረብ ያለበት፦

– ተጋቢው ውሉ መኖሩን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ፤
– በማናቸውም ሁኔታ ውሉ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ከማለፉ በፊት ነው።

ለምሳሌ ባል ሚስቱ ሳታውቅ የጋራ ቤታቸውን በ2014 ዓ.ም. መስከረም ወር ለብድር አስይዞ ሚስት ይህን ያወቀችው በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ቢሆን፣ ስድስቱ ወር ገና ሳይሞላ ሁለት ዓመቱ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር ስለሚያልቅ ክሷን ከዚያ በፊት ማቅረብ ይኖርባታል። ያወቀችው በ2017 ዓ.ም. ቢሆን ኖሮ ግን በዚህ አንቀጽ የሚቀርበው አቤቱታ ጊዜው አልፎበታል። ስለዚህ «በሽማግሌ እንጨርሰዋለን» በሚል ወራትን ማሳለፍ መብትን ሊያሳጣ እንደሚችል መገንዘብ ያስፈልጋል። ሽምግልናው ሊቀጥል ይችላል፤ የክስ ማቅረቢያው ቀን ግን ሽምግልናውን አይጠብቅም።

ፍርድ ቤቱ የሚወስነው የሁለቱንም ወገን ማስረጃ መዝኖ ነው። የንብረቱ የግል መሆን በሦስተኛ ወገኖች ላይ መቃወሚያ የሚሆነው እነርሱ ይህን ካወቁ ወይም ማወቅ ይገባቸው ከነበረ ብቻ እንደሆነ አንቀጽ 63 ይደነግጋል። በክርክሩ ሂደት ቤቱ ወደ ሌላ ሰው እንዳይተላለፍ የሚሰጋ ተጋቢ ፍርድ ቤቱ እግድ እንዲሰጥለት ማመልከትና የእግድ ትእዛዙን ንብረቱ በተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ይኖርበታል።

8. ክፍያ ሲቋረጥ

በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በውሉ መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ለባለዕዳው በመስጠት በመያዣ የያዙትን ቤት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ እንዲሸጡ ይፈቅዳል። ማስጠንቀቂያው በተለምዶ የሚላከው ለተበዳሪው በመሆኑ ስሙ በብድሩ ላይ የሌለ ተጋቢ ላያውቀው ይችላል። ይህን ለመከላከል ውሉ ሲፈረም የሁለቱም ተጋቢዎች አድራሻና ስልክ ቁጥር በባንኩ ፋይል እንዲሰፍር መጠየቅ እንዲሁም የክፍያውን ሁኔታ በየጊዜው መከታተል ጠቃሚ ነው።

ክፍያ ለመክፈል የሚያስቸግር ሁኔታ ሲከሰት፣ ማለትም ሥራ ሲቋረጥ ወይም ሕመም ሲያጋጥም፣ ማስጠንቀቂያ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ለባንኩ በጽሑፍ ማመልከትና የክፍያ ጊዜው እንዲራዘም መጠየቅ የተሻለ ነው። የማንኛውም ማመልከቻ ቅጂ በባንኩ ማኅተም የደረሰበት ቀን ተመልክቶበት መያዝ አለበት።

9. ፍቺ ወይም ሞት ሲያጋጥም

ጋብቻ በፍቺ ሲፈርስ የጋራ ሀብት በመርህ ደረጃ ለባልና ለሚስት እኩል ይከፈላል። ያልተከፈለ የቤት ብድር ካለ ተጋቢዎቹ ሦስት አማራጮች አሏቸው፤ ቤቱን ሸጠው ዕዳውን ከከፈሉ በኋላ ቀሪውን መካፈል፣ አንደኛው የሌላውን ድርሻ ከፍሎ ቤቱንም ዕዳውንም መውሰድ፣ ወይም ዕዳው እስኪያልቅ በጋራ መያዝ። ሁለተኛውን የሚመርጡ ሁሉ አንድ ነጥብ ሊዘነጉ አይገባም። «ከዚህ በኋላ ዕዳውን የሚከፍለው እርሱ ነው» የሚል ስምምነት ወይም የፍርድ ውሳኔ የሚገዛው የቀድሞ ባልና ሚስትን ነው። ባንኩ በጽሑፍ ካልተስማማ በስተቀር በብድር ውሉ ላይ ተበዳሪ ወይም ዋስ ሆኖ የፈረመ ሰው ከባንኩ ኃላፊነት አይወጣም።

በሞት ጊዜ በቅድሚያ የጋራ ሀብቱ ተለይቶ በሕይወት ያለው ተጋቢ ድርሻ ይወጣለታል፤ ይህ ድርሻ ውርስ አይደለም። በቤቱ ላይ ያለው መያዣ ግን በተበዳሪው ሞት አይቀርም። በብድሩ ላይ የሕይወት መድን ተገብቶ እንደሆነ በሕይወት ያለው ተጋቢ ባንኩን ወዲያውኑ መጠየቅና የሞት የምስክር ወረቀቱን ማቅረብ ይኖርበታል። መድኑ የተገባው በተበዳሪው ሕይወት ላይ ብቻ ከሆነ የሌላው ተጋቢ ሞት ዕዳውን እንደማያስቀርም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

10. ብድሩ ተከፍሎ ሲያልቅ

የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም መያዣው ከመዝገብ በራሱ አይሰረዝም። ተበዳሪው ከባንኩ የዕዳ ማጠናቀቂያ ደብዳቤ ተቀብሎ ንብረቱ በተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት የመያዣው ምዝገባ እንዲሰረዝ ማድረግና የካርታውን ዋና ቅጂ መረከብ አለበት። ይህ አጋጣሚ በአንድ ስም የነበረው ካርታ የሁለቱንም ስም እንዲይዝ ለጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ ለማቅረብም አመቺ ነው።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በስሟ ተበድራ ቤት ገዛች፤ እኔ ግን ሥራ የለኝም። በቤቱ ላይ መብት አለኝ?

መልስ፦ ቤቱ የተገዛው በጋብቻ ዘመን ከሆነና በፍርድ ቤት የግል ነው ካልተባለ ወይም በጋብቻ ውል የተለየ ነገር ካልተወሰነ አዎን። የቤቱ የጋራ መሆን ማን ደመወዝ እንዳለው አይመረምርም።

ጥያቄ፦ ሳንጋባ ለስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። ይህ ሁሉ እኛንም ይመለከታል?

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩ ሰዎች ግንኙነታቸው ከሦስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ከቆየ በዚያ ዘመን ያፈሩት ሀብት የጋራ ይሆናል። ይሁን እንጂ አብሮ መኖርን ማስረዳት ከጋብቻ ምስክር ወረቀት የበለጠ ስለሚያስቸግር ግዢው በሁለቱም ስም ቢሆን ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ለመፈረም ካልፈለግሁ ልገደድ እችላለሁ?

መልስ፦ ስምምነት በነፃ ፈቃድ የሚሰጥ ነው። በማስፈራራት ወይም በማታለል የተገኘ ፊርማ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ነገር ግን ይህን ማስረዳት የሚጠበቀው ከአቤቱታ አቅራቢው ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የት እንዳለ አላውቅም። ብድር መውሰድ እችላለሁ?

መልስ፦ ስምምነቱን በራስ ሥልጣን ማለፍ አይቻልም። የትዳር ጓደኛ መጥፋት ወይም በሕመም ምክንያት ፈቃድ ለመስጠት አለመቻል ሲያጋጥም ጉዳዩን ለፍርድ ቤት በማቅረብ ተገቢውን ትእዛዝ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

የቤት ብድር ለአብዛኛው ቤተሰብ በሕይወት ዘመኑ የሚገባው ትልቁ ግዴታ ነው። በአንደኛው ስም መወሰዱ ለአሠራር የሚያመች ሊሆን ይችላል፤ መብቱና ኃላፊነቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሁለቱም ነው። ስለሆነም ባለትዳሮች ከፊርማ በፊት አራት ነገሮችን እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን፤ ጋብቻው የተመዘገበ መሆኑን፣ እያንዳንዳቸው በምን ኃላፊነት እንደሚፈርሙ፣ መያዣው ለየትኛው ብድርና ለምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ፣ እንዲሁም የውሉ ሙሉ ቅጂ በሁለቱም እጅ መኖሩን።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ በመሆኑ ለተለየ ጉዳይ የሚሰጥ የሕግ ምክርን አይተካም። በተለይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የደረሳቸው ወይም ቤታቸው ያለ ፈቃዳቸው መያዙን ያወቁ ተገልጋዮች ከላይ የተመለከቱት የጊዜ ገደቦች ከማለፋቸው በፊት ሰነዶቻቸውን ይዘው የሕግ ባለሙያ ወይም ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ተቋም ዘንድ እንዲቀርቡ ይመከራሉ።